ስንቅ የሚቀላቀልበት ቀን

ሰይድዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከአምስት ቀን ሆነን። እንዴት ነህ ብዬ ልጠይቅህ ጀመርኩና እጄ ቆመ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ይሉኛል፤ እንባው ግን አልመጣ አለኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጋቢህ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሏል። አጥሩ ክረምት ላይ ወድቆ የኮሌጁ ልጆች አቆሙት።

ሥራህን ለእኔ ሰጡኝ። ከኮሌጁ መዝገብ ቤት አስነሥተው ያንተ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ክበባቱም፣ መረብ ኳሱም፣ ሚኒ ሚዲያውም፣ የአዲስ ተማሪዎች አቀባበሉም በእኔ እጅ ነው። ዲኑ፣ ባሏ ሲሠራ አይታለች ብሎ ነው አሉ። ስትሠራ መች አየሁህ! እኔ ያየሁት እራትህ ሲቀዘቅዝ ነው።

ከአቀስታ ስለ መረብ ኳስ ግጥሚያ እየደወሉ አንተን ይጠይቃሉ። ደሴ ሄዷል እላቸዋለሁ። ደሴ ለሕክምና የወሰድኩህ እኔ፣ እዚያው ዓይንህን የከደንኩት እኔ። ግን ሞተ የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ሲመለስ ይደውልልን ይላሉ፣ እሺ እላለሁ።

ጥቅምት ላይ የዓመቱን ፕሮግራም ጽፌ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። የአዲሶቹን አቀባበል የትኛው ቀን ላይ እንዳደረግሁት ታውቃለህ? ልክ ሙት ዓመትህ ላይ። በገዛ እጄ ጻፍኩት፣ ማኅተም አስመታሁበት፣ አላየሁትም። እናትህ ለሰደቃው ከገጠር መጥተው ይህን ሲሰሙ፣ ልጄን ረሳሽው ማለት ነው አሉኝ። እውነት ረስቼህ ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ። ቀኑን እንዳልለውጥ ልጆቹ ስንቅ ሊያመጡ ስልክ ወደሌለበት አገራቸው ሄደዋል፤ በምን ልንገራቸው?

ስንቁ ያንተ ሥራ ነው። ከብት ከታረደ የእስላም፣ የክርስቲያን ተብሎ ሁለት ቦታ ይበላል፤ ስለዚህ ሁሉም ከቤቱ የያዘውን ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቂጣ አንድ ሸራ ላይ ያቅርብ ያልክ አንተ ነህ። ያገር ልጅ ካገር ልጅ ጎን አይቀመጥም ያልክም አንተ። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ልጅ የሽሮ ዱቄት አምጥቶ ሸራው ላይ ሲዘረግፈው እንዴት እንደሳቅህ! እኔ ተናድጄ ነበር፣ ሸራውን ያጠብኩት እኔ ነኛ። ሳቅህ አሁንም በጆሮዬ አለ። አያስቀኝም፣ አያስለቅሰኝም።

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ሰደቃውን አወጣን፣ ዱዓ ተደረገ፤ ከሰዓት በኋላ እናትህን ይዤ ኮሌጅ ሄድኩ። ዳቦ ይዘው ነው የመጡት። ከሸራው ዳር አብረን ልንቀመጥ ስንል ውቢት የምትባል አስተናጋጅ ተማሪ መጥታ ለየችን። ጋሼ ሰይድ ያወጣው ደንብ ነው፣ የአንድ ቤት ሰው ጎን ለጎን አይቀመጥም አለች። እኔንም! በአንተው ደንብ! እናትህ ዳቧቸውን ይዘው ተነሥተው ወዲያ ማዶ ማሻ ከሚባል አገር ከመጡ ሁለት ልጆች መሀል ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ስለ ልጅነትህ ሲያወሩላቸው ሰማሁ።

ከእኔ ጎን አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች አዲስ ተማሪ ተቀመጠች፣ ዓይነ አፋር ናት። ቆሎ ዘግና ሰጠችኝና፣ ጋሼ ሰይድ የሚባሉት የትኛው ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ደሴ ልል አፌን ከፈትኩ። ባሌ ነው፣ ሞቷል አልኳት።

ልጅቷ ደነገጠች። እጄን ያዘችና አላህ ይዘንላቸው አለችኝ። ያኔም እንባ አልመጣም። ቆሎውን ግን ስቆረጥም ጨው እንደበዛበት ታወቀኝ። ዓመት ሙሉ የበላሁት ሁሉ ጣዕም አልነበረውም። ስንመለስ እናትህ ክንዴን ይዘው ሄዱ፤ ስለ መርሳት ዳግም አላነሡም።

ሰይድዬ፣ ከእንግዲህ ከአቀስታ ሲደውሉ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። በየዓመቱም ከማላውቀው ሰው ጎን ቁጭ ብዬ ማን እንደነበርክ አወራለሁ። ዛሬ የሚመጣውን ዓመት ፕሮግራም ጀምሬያለሁ። አቀባበሉን እዚያው ቀን ላይ ጻፍኩት። አሁን ግን አይቼ ነው የጻፍኩት።

ያንተው ከድጃ