ቀይ ሻሽ፣ ዱልዱም ጥይት

የካቲት 4፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬም ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ጀልዴሳ ወሰደኝ። እሱ። የእማ ባል፣ ጀማል። አባ ብዬ ጠርቼው አላውቅም፤ አንቺ ደብተሬም እሱ እያልኩ ብቻ ስጽፍ ትረጂልኛለሽ። የአትክልት እርሻ ጥበቃ ነው። ጠመንጃው ፈቃድ አለው፣ አፉ ግን የለውም።

ከጓደኞቹ ጋር ተወራርዷል። የሚመጣው ቅዳሜ፣ ከማዶ ኮረብታ ሆኖ ቢጫ ጀሪካን ሊመታ። ከሳተ ፍየል ያርዳል። የእኔ ሥራ ከጀሪካኑ ጎን፣ ቋጥኝ ጀርባ መደበቅ ነው። ሲመታ ቀይ ሻሽ አነሳለሁ፣ ሲስት ነጭ። ከዚያ ርቀት እሱ አያየውማ። ምላስ የሌላት ለዚህ እንኳ ትጥቀም አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

የካቲት 5፣ እሁድ ከሰዓት

ስልኩ ላይ የተኩስ ቪዲዮ ያያል። እኔ ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ። ለካ እያንዳንዱ ጥይት የራሱ ቁጥር አለው፤ ነፋሱን ምን ያህል ሰንጥቆ እንደሚሄድ የሚናገር። ረጅሙና ጫፉ የሾለው ትልቅ ቁጥር። ዱልዱሙ ትንሽ፤ ቶሎ ይደክማል፣ ይወርዳል፣ ነፋስ ይገፋዋል።

የቪዲዮውን ጥይት ቁጥር ስልኩ ውስጥ አስገባ። ስልኩ ባሰላለት ልክ የጠመንጃውን መነጽር አስተካከለ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት የእሱ ጥይቶች ግን ዱልዱም ናቸው። ሁሉም።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ታፈጪያለሽ? ሳህንሽን እጠቢ!" ዘጋሁት።

የካቲት 8፣ ረቡዕ

ልምምድ። አንዱም ጀሪካኑን አልነካም። ነፋሱ ከአሸዋው ወንዝ በኩል ነው፤ ጥይቶቹ ዝቅ እያሉ ወደ ቋጥኙ፣ ወደ እኔ። የድንጋይ ፍንጣሪ ክንዴን ጫረኝ።

ቀዩን አነሳሁ። ለሁሉም ቀይ። ጀሪካኑ ከድሮም ወንፊት ነው፣ ቀዳዳውን ማን ይቆጥራል? ከማዶ ሲጮህ፣ ሲጨፍር ሰማሁት። ጣፈጠኝ። መምታቱን አምኖ መነጽሩን ሳያስተካክል ቅዳሜ በሰው ፊት ይዋረዳል። ፍየሏን ሲጎትት አያለሁ።

የካቲት 10፣ ዓርብ 11 ሰዓት

ነገ ሻሽ የምታነሳው ሀያት ናት። ታናሽ እህቴ፣ የገዛ ልጁ፣ ገና ሁለተኛ ክፍል። ከቋጥኙ ጀርባ እንኳ አይደለም፤ ፊት ለፊት፣ ጓደኞቹ እንዲያዩለት። ምን እንዳትሆን ነው፣ ጥይቴ ከጀሪካኑ ውልፍት አይልም አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺ ራስሽ አይተሽ የለ?"

አየሁ። ያየሁትን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

እኔ ልሂድ አልኩ። አንቺን ብሎ ማን ያይሻል አለ። ጥይቱ እንደሚስት ለእማ በጆሮዋ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ቀንተሽባት ነው፣ ተዪአት አለች። ሀያት ሻሹን አስራ ግቢውን ትዞራለች። አቦ፣ እንዴት እንደምጠላው!

የካቲት 11፣ ቅዳሜ ጠዋት

ለብቻው ብነግረው ይመታኛል፤ እልኸኛ ነው፣ ከዚያም ይተኩሳል። ስለዚህ በጓደኞቹ ፊት። ጮክ ብዬ። ዋሽቻለሁ፣ አንድም አልመታህም፣ ጥይትህ የሚያርፈው እሷ የምትቆምበት ነው እላለሁ። እኔ፣ ሱቅ ገብቼ ዳቦ መጠየቅ የሚያቅተኝ። ከዚያ በኋላ ይምታኝ።

የጓደኞቹ ፒካፕ መኪና ውጭ ጡሩንባ ይነፋል። ሀያት ጫማዋን ታስራለች። ባይወስደኝም ከኋላ እወጣለሁ። ካልሰሙኝ ጀሪካኑን አንስቼ እስከ አሸዋው ወንዝ እሮጣለሁ፤ ዒላማ ከሌለ ተኩስ የለም።