አንዲት ፍሬ ሩዝ በማይክሮስኮፕ ሥር

አካሳካ፣ ኦገስት 22፣ ዓርብ ከሰዓት

ለምወድሽና ለምፈራሽ እናቴ፣

እኔ ልጅሽ ናጊሳ ሂቢኖ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከኩሽናችን አንዲት ፍሬ ሩዝ ያለ ፈቃድ መውሰዴን በዚህ ደብዳቤ አምናለሁ። ፍርዱን እዚያው ሃኖይ ሆነሽ ስጪ። የበላኋት እንዳይመስልሽ፤ ጥሬ ነበረች። ምነው በበላኋት ኖሮ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። «አባቴ እንዴት ናቸው?» ስትዪኝ «ደህና ናቸው፣ ከድንጋዮቻቸው ጋር እየተጨቃጨቁ» አልኩሽ። ውሸት አልነበረም፤ የቀረ ነገር ግን ነበረው።

ኮሪደሩ አንቺ ያደግሽበት ኮሪደር ነው፤ በሣጥን ታጭቆ በጎን ካልሆነ አያሳልፍም። አያቴ ፉሱሊናዎቻቸውን፣ እነዚያን ድንጋይ ሆነው የቀሩ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ በሙሉ ለከተማው ቤተ መዘክር ሊያስረክቡ ነው፤ መኪናው ሰኞ ይመጣል። አንዲት ሕዋስ ብቻ ይዘው፣ ባሕር ውስጥ ቅርፊት ሠርተው፣ ዳይኖሰር እንኳ ሳይመጣ ላለቁ ፍጥረታት አርባ ዓመት! «እኔ ስንት ሕዋስ እያለኝ አርባ ደቂቃ አልሰጡኝም» ብላቸው፣ «አንቺ የትኛው ወገን እንደሆንሽ ገና አልታወቀም» አሉኝ።

ዘንድሮ መሞረዱን ለእኔ ሰጥተውኛል። ድንጋዩን መስታወት ላይ ለጥፌ ብርሃን እስኪያሳልፍ እሞርደዋለሁ። መሃል ላይ ፍጥረቱ መጀመሪያ የሠራት ክፍል አለች፤ እሷ ጋ ስደርስ ማቆም አለብኝ። ትንሽ ካለፍኩ ያ ድንጋይ ለዘላለም ስም አያገኝም። እሳቸው ደግሞ በማይክሮስኮፕ አይተው፣ በመሃሏ ዙሪያ የተጠቀለለውን ዙር ቆጥረው ስም ይሰጡታል። «እጄ ደክሟል፣ አንቺ ሞርጂልኝ» ሲሉኝ እጃቸው ነው ብዬ አመንኩ።

ፉሱሊና ሩዝ እንደሚመስል ታውቂያለሽ። እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ያቺን ፍሬ በሙጫ ለጥፌ፣ በቢላ መሳያው ድንጋይ አሳስቼ፣ ከሌሎቹ መስታወቶች መሃል አስገባኋት። ያየ ሰው ወዲያው ነው የሚያውቃት፤ ክፍል የላት፣ ዙር የላት። «አንቺ ዱርዬ!» ብለው ሲጮኹ ለመስማት ነበር ፍላጎቴ። ያን ቀን ወይዘሮ ኩዋባራ፣ ያቺ ድሮ ያስተማሯት የቤተ መዘክሯ ሴት፣ መለያ ወረቀቶቹን ልትጽፍ መጥታ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ጉንጬን ነፍቼ ጠበቅሁ።

አያቴ የኔዋን መስታወት ማይክሮስኮፑ ሥር አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ኩዋባራ፣ ጻፊ» አሉ። «ጥሩ ቁራጭ ነው። መሃሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰባት ዙር። ግድግዳው ባለ ቀዳዳ፣ እንደ ማር ሰፈፍ።»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ምንድነው እሱ?»

«አስነጥሶኝ ነው አባባ።»

«እንዲህ የሚያስነጥስሽ ከሆነ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ።»

«መምህር፣ እኔም ልየው?» አለች ወይዘሮ ኩዋባራ። አየች። እሷም እስክትስቅ ጠበቅሁ። ቀና ሳትል ቆየችና «አዎ፣ መምህር፣ ሰባት» ብላ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ ጻፈችው።

እማዬ፣ ያኔ ነው የገባኝ። አያቴ አያዩም።

ስሸኛት በር ላይ ቆመች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ናጊሳ!»

«አላውቅም» አልኩ። አውቅ ነበር። ሻይ ሲቀዱ ከጽዋው ውጪ ያፈሳሉ። ጋዜጣውን «መነጽሬ ቆሽሿል» እያሉ ያስነብቡኛል። እኔ ግን ክፍል ውስጥ አስተማሪ ሳይኖር የሻይ አቀዳዳቸውን እያስመሰልኩ ስንቱን አሳቅሁበት! ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፊቴን የት ላድርገው?

«እርስዎስ ለምን ሰባት አሉ?» አልኳት፤ ደፋርነቴን አታውቂውም?

«አንቺ እየሳቅሽባቸው እኔ ምን ልበል? ልጅ ሆኜ ስሳሳት እሳቸው ሰው ፊት አላዋረዱኝም» አለችኝ። ቀጥላ «ያቺ ሩዝ ከሣጥኑ ጋር ሄዳ አንድ ቀን አንድ ሰው ካገኛት፣ ዓይናቸው ደህና በነበረ ጊዜ የሠሩትንም ማንም አያምንም። ሰኞ ሳይደርስ ንገሪያቸው። ከእኔ ከሚሰሙት ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል» አለች።

ሩዟን ሰርቄ ልጥላት አስቤ ነበር። ግን ባለፈው ዓመትና ዘንድሮ ስም የሰጧቸው ሌሎቹስ? ያላዩትን ካዩት ማን ይለይልናል? ከራሳቸው በቀር ማንም።

ረቡዕ ምሳ ላይ ሞከርኩ። «አባባ፣ ያ ሩዝ...» 

«ዛሬ ሶመን ነው የቀረበው። ሩዝ ምን አመጣው? ኑድልሽን ብዪ።»

በላሁ። ትናንትም በላሁ። ለመብላት ጎበዝ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት «አንቺ ደውለሽ ንገሪያቸው» ልልሽ ነበር። አሁን ከላይ ጀምሬ ሳነበው አፈርኩ። ደብዳቤው ሃኖይ የሚደርሰው ሰኞ ካለፈ በኋላ ነው፤ ብዕር ሳነሳም አውቀው ነበር። ላንቺ መጻፍ እሳቸውን ከማየት ይቀለኛል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በይ እንግዲህ፣ ሙቀቱ አያድክምሽ፣ እንቅልፍ አይንሳሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ እንደኔ ያለ ሰው አይግጠምሽ። እኔን እንደምንም ይቅር...

ቆይ። የምጽፍልሽ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው፤ የሥራ ክፍላቸው በር ክፍት ነው። አያቴ የአሲዱን ጠርሙስ ከፈቱ። አንድ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ መሆኑን ሲጠራጠሩ ጠብታ ያደርጉበታል፤ ከሆነ እየተንጫጫ አረፋ ያወጣል። ከሣጥኑ አንዲት መስታወት በእጃቸው እየዳበሱ አወጡ። የሙጫዋ ጠርዝ የተንሻፈፈ ነው፤ የኔዋ ናት። አንጠባጠቡባትና ጆሯቸውን አስጠጉ።

ምንም ድምፅ የለም።

ደግመው አንጠባጠቡ። አሁንም የለም። ጠርሙሱን ከደኑት፤ ቀስ ብለው፣ አፉን በጣታቸው ፈልገው። ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ። እኔን አያዩኝም፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

«ናጊሳ!»