ዝቅ በይ ያልኳት ቀን

ግንቦት 11
ሁለት ቀሚስ ጨረስኩ። የሦስተኛው እጅጌ አልገጥም ብሎ ሲያናድደኝ ዋለ። ሙቀቱም ልብስ አያስለብስ። ከሰዓት አሲያ ደወለች። ታናሽ እህቴ ኦማን፣ ሰላላ ሰው ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ። "እታለም፣ ከባሕር አውሎ ነፋስ ይመጣል እያሉ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ይደርሳል አሉ።" እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። ነፋስ ቀጠሮ ይይዛል እንዴ?

ግንቦት 12
ስልኬ ላይ ካርታውን አየሁት። ነጭ ክብ፣ መሀሉ ቀዳዳ። ዓይኑ ነው ይላሉ። ቀስ እያለ ወደ እሷ ይመጣል።
እኔ ያለሁበት ቆቦ ላይ ደግሞ ቅጠል አይነቃነቅም። አቧራው ተነስቶ አልወርድ አለ፤ ፀሐይዋ በስተጀርባው ቀይ ናት። ደንበኞቼ እንኳ ዝግ ባለ ድምፅ ነው የሚያወሩት። ወይስ እኔ ነኝ?
ዋጃ ላለችው እማ አልነገርኳትም። ግፊት አለባት።

ግንቦት 13
ያ ቀን ትዝ እያለኝ ዋለ። እኔ አሥራ አንድ፣ አሲያ አምስት። እማ ገበያ ሄዳለች። ሰማዩ ቢጫ ሆነ፤ ዶሮዎቹ በእኩለ ቀን ቆጥ ላይ ወጡ። ከዚያ ነፋሱ… የጎረቤት ቆርቆሮ ከነእንጨቱ ሲበር አየሁ። አሲያን ጎትቼ ባዶው የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኳት። አፉን በሳንቃ ከድኜ ላዩ ላይ ተኛሁ። የእኛም ጣሪያ ሄደ፤ ግድግዳው የእሷ መኝታ ላይ ተናደ።
መንደሩ ሁሉ "ፈሪሀ እህቷን አዳነች" አለ። እስከ ዛሬ በዚህ እታወቃለሁ። ደስ ይለኛልም፣ ምን ልዋሽ።

ግንቦት 14፣ ጠዋት
ደወለች። አሁን አትስቅም። ማዳሟ ልጆቿን ይዛ ዘመድ ጋ ሄዳለች፤ "አንቺ ቤት ጠብቂ" ብላት። (ምን ዓይነት ሰው ናት?)
"የባሕሩ ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል፣ እታለም። ፎቁ ላይ ልሁን ወይስ ከመሬት ስር ያለው ዕቃ ቤት ልግባ?"
"ዕቃ ቤት! ዝቅ በይ! ሰው የሚገለው ጣሪያ ነው፣ ረሳሽው?"
"እሺ" አለች። ተቋረጠ።

ግንቦት 14፣ ከሰዓት
ቆቦ ላይ ጠብታ አልዘነበም። አሥር ሰዓት ገደማ ከወንዙ በኩል ጉምጉምታ ተሰማኝ። ከባድ መኪና መሰለኝ፤ ግን አላልፍ አለ። ወጣሁ። ጎረቤቴ አባባ ታሂር አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይሮጣሉ። ጎርፍ ሲመጣ እዚህ ሰው አይሸሽም፤ ጠልፎ ማሳው ላይ ሊያስገባ ወደ ቦዩ ይሮጣል።
ተከተልኳቸው። "አባባ፣ የት ዘንቦ ነው?"
"ተራራው ላይ ነዋ! ከዝቅታው ውጪ ልጄ፣ አሁን ይሞላዋል!"
ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ደረቁ አሸዋ ላይ ቡናማው ውሃ ግራር ነቅሎ፣ እያጉረመረመ መጣ። ቆሜበት የነበረው ቦታ በአንድ አፍታ ጠፋ።
ዝቅታው… ያ ረቢ፣ ምን ብያት ነው? እዚያ'ኮ ባሕር ነው። ነፋሱ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው!
ደወልኩ። ደወልኩ። "ወደ ላይ ውጪ" ብዬ ጻፍኩ። አልደረሳትም።

ግንቦት 15
አልደረሳትም።

ግንቦት 16
ጠዋት ከእሷ የድምፅ መልእክት ገባ። የተቀዳው ከትናንት ወዲያ ነው። አራት ሰከንድ። ፉጨት… ከዚያ በር የሚመታ ነገር፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ምንም። የእሷ ድምፅ የለበትም።
ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። አሁን ስልኩን ሳልነካውም ይሰማኛል። የስፌት መኪናዬን ሳቆም ያንኳኳል። በሩን ከፍቼ አየሁ፤ ማንም የለም።
እማ ደወለች። "አሲያን በሕልሜ አየኋት፣ ልብሷ ርሶ። ደህና ናት?"
"ደህና ናት" አልኩ። ወላሂ ማለት ግን አቃተኝ።

ግንቦት 18
አለች! አልሃምዱሊላህ፣ አለች!
ስልክ አግኝታ ደወለች። "እንዳልሽኝ ወርጄ ነበር" አለችኝ። ውሃው በበሩ ስር ገባ፣ ጉልበቷ ደረሰ። በሩን ከውጭ ውሃው ገፍቶት አልከፈት አላት። ቀጠቀጠችው። በመጨረሻ ጣሪያው ሥር ያለችውን መስኮት ሰብራ ወጣች። እጇ አሥራ አንድ ቦታ ተሰፍቷል።
"አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።
"ያኔም እንዲህ ነበር፣ እታለም።"
"መቼ?"
"ጉድጓዱ ውስጥ። ትንፋሽ አጥሮኝ ሳንቃውን እየመታሁ 'አውጪኝ' ስልሽ… አንቺ ከላዬ ሆነሽ 'ዝም በይ' ትይኝ ነበር። ነፋሱ ቆሞም አላወጣሽኝም። እማ ናት ያወጣችኝ።"
እኔ የማስታውሰው ነፋሱን ብቻ ነው። አልመታችም። ወይስ… ሰምቼ ነው ያላወጣኋት?

ግንቦት 24
ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ይሄ ባሰብኝ።
ከሰዓት አሲያ ደወለች። ማዳሟ ተመልሳለች። "ከፈለግሽ ትኬት ልቁረጥልሽ፣ ካልፈለግሽ ሥራሽን ቀጥይ" ብላታለች። "ልምጣ ወይስ ልቆይ? ምን ላድርግ፣ እታለም?"
"ነገውኑ ነይ!" ምላሴ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት።
"አንቺ ምን ይሻልሻል?" አልኳት።
የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ ሰከንዱ ይሄዳል።
"ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለች።
የስፌት መኪናዬን አጥፍቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሷ ተናገረች፣ እኔ አዳመጥኩ።