የአባትሽ ወገብና አራቱ ፍራሾች

ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ ደግ ደጉን ያሰማሽ። ከአባትሽ ወገብ በቀር ደህና ነን። ትናንት ፍራሽ ልንመርጥ ሄድን። «እያንዳንዱ ላይ አሥር ደቂቃ ተኛና ከአሥር ማርክ ስጥ» አልኩት። ለአራቱም አሥር ከአሥር ሰጠ! «ምነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ሻጩ እንዳይከፋው ብዬ ነው» አይለኝም! አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ አራሚ አላየሁም፤ ምንም ሳንገዛ ተመለስን። ሐኪሙ ያዘዘለት ዓይነት ጠንካራ ፍራሽ ደግሞ ያንቺ አልጋ ላይ አለ። «እዚያ ተኛ» ስለው፣ «ልጄ ስትመጣ ጎድጉዶ ይጠብቃት?» ይልና ሲያቃስት ያድራል። እኔን መስማት ትቷል። እባክሽ ደውዪና «አባዬ፣ አልጋዬ ላይ ተኛልኝ» በይው። ስትመጪ አዲስ እንገዛልሻለን፤ ማርክ የምሰጠው ግን እኔ ነኝ። ወገብሽን ያጽናልሽ፤ የአባትሽን ግትርነት ግን አያውርስሽ።

እናትሽ