ባሕሩ የሚሸሽበት ዳርቻ

ሰኞ

ታምራት ደወለ! ወንድሜ በሕይወት አለ። ስንት ሳምንት ሙሉ ድምፁን አልሰማንም ነበር። ሞዛምቢክ ደርሷል፤ አንድ ትልቅ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ። ደቡብ አፍሪካ ገና ሩቅ ነው። የጃጁራ ልጅ ከሆነው ጓደኛው ከማርቆስ ጋር ነው።

«አስቱ፣ እዚህ ባሕሩ ይሸሻል» አለኝ። «ጠዋት ውሃ የነበረው ከሰዓት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።»

ጨረቃ እየሳበችው ነው ብዬ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ባሕር ግን አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ

ለማርቆስ ሚስት ለብርቄ ነገርኳት። እዚሁ ሰፈራችን ሱቅ አላት። አቅፋኝ አለቀሰች።

እማዬም ከምትኖርበት ከሆመቾ መጣች። በሀዲይኛ አስረዳኋት። «ውሃው የሚመለስ ከሆነ ልጄ ለምን እዚያ ይቆማል?» አለች።

አንዱን አልነገርኳትም። ወደ ደቡብ የምትወስዳቸው የደላላው ጀልባ ዳር ድረስ አትመጣም። ውሃው ሲሸሽ በእግራቸው መሐል ወዳሉት የአሸዋ ጉብታዎች ሄደው እዚያ ነው የሚጠብቋት።

ሐሙስ

ትናንት ስልኩ ዝግ ነበር። ዛሬ በምሳ ሰዓት ደወለ። ጀልባዋ ቀረችባቸው። ውሃው ከፊት ይመጣል ሲሉ ከኋላ ዞሮ መጣ፤ የመጡበት መንገድ ተዋጠ። ጭቃው ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚለቅሙ ሴቶች እየጮኹ በሌላ በኩል ጠሯቸው። ውሃው እስከ ደረታቸው ደርሶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ።

ደላላው «ቅዳሜ ሌላ ጀልባ አለ» ብሏቸዋል።

«ተመለስ» አልኩት።

«ምን ይዤ?»

እማዬ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ነፍስህን ይዘህ!»

«እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው።

ዓርብ

ምንም የለም። እማዬ ቆጮውን አልነካችውም። ክፍል ውስጥ ያንኑ ትምህርት ሁለቴ አስተማርኩ መሰለኝ፤ ልጆቹ ሳቁ።

ቅዳሜ

የድምፅ መልእክት ገባ። «አልተሳፈርኩም። እማዬ ትስማ። ዓሣ አጥማጆች ጋ ነኝ፤ ወደ ኋላ የሚመልሰኝ መኪና እየፈለግኩ ነው።» እማዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጌታን አመሰገነች። እኔም አለቀስኩ።

መልእክቱ ግን አላለቀም ነበር። «ማርቆስ ሄደ። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ጀልባዋ ጉብታዎቹን አልፋ እስክትጠፋ ቆሜ አየኋት። ለብርቄ አንቺ ንገሪያት።»

ሱቋ ክፍት ነው፤ ከደጃችን ትታየኛለች። ደስታዬን እንዳታይብኝ ፊቴን ታጠብኩ። ልሄድ ነው። ጀልባዋ ጉብታዎቹን አልፋለች እላታለሁ። ደርሳለች ማለት ግን አልችልም።