የትኛውን ዛፍ ነበር ያልሽኝ?

አስቴርዬ፣ እንደምን አለሽ ልበልሽ? ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዛሬም ጥያቄዬን ይዤ ወዳንቺ መጣሁ።

ሩዋንዳ ሰፈር ያለችው ግቢያችን ጨልማለች። በስተምሥራቅ የጎረቤት ሕንፃ አልቆ ፀሐይ የምናገኘው ከቀትር በኋላ ብቻ ሆነ። ፓፓያሽ ቀጭጮ ደረቀ። የቀሩት አቮካዶውና ከሥሩ ያለው ወሽመላ ናቸው።

ሆስፒታል ተኝተሽ "ዛፉን ቁረጠው፣ ብርሃን ይግባ" አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። የትኛውን ብዬ ሳልጠይቅሽ እንቅልፍ ወሰደሽ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

ልጃችን ሕይወት ስነግራት "አቮካዶውን ነዋ!" አለች። ከፍሬው አብቅለሽው አንድም ቀን አላፈራ፣ ጥላው ደግሞ ሳሎኑን አጨልሞታል። ጎረቤታችን ሰዓዳ ግን ደነገጠች። "አስቴር አቮካዶዋን? በጭራሽ! ስታዋራው የምትውለውን? ወሽመላውን ብላዎት ይሆናል እንጂ ጋሼ" አለችኝ። እኔስ ምን ልበል? አቮካዶውን ስታዋሪው አይቼሻለሁ፤ ስትረግሚውም ሰምቼሻለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬሽ ኖሬ የትኛውን ዛፍ እንደምትወጂ አለማወቄ ግራ ገባኝ።

በበጋው ዛፍ ቆራጭ ጠራሁ። መጋዙን ይዞ "የትኛው ነው አባባ?" አለኝ። በመጨረሻ ወሽመላው ላይ የተንጠለጠሉትን የአቮካዶውን ቅርንጫፎች ብቻ አስቆረጥኩ። ቃልሽን ፈጸምኩ ወይስ ሸሸሁ? እንጃ።

ዘንድሮ ወሽመላው ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ አፈራ። ሕይወት በሳህን ለቅማ አመጣችልኝ። አንዱን ቀመስኩ፤ ይጣፍጣል። ደስ አለኝ፤ ሳላስበው ደግሞ አለቀስኩ። "ምን ሆንክ አባዬ?" ስትለኝ አንዱን ልጬ ሰጠኋት። ለሰዓዳም ድርሻዋን ላክንላት። አቮካዶው ግን ያው ቅጠል ብቻ ነው።

ትናንት ሕይወት ሌላ ነገር አመጣች። "እማዬ እኮ ያን ቀን መድኃኒቱ እያስቃዣት ነበር። ምናልባት ያለችው ያደገችበትን ቤት ዛፍ ይሆናል" አለችኝ። ከሁሉ የከበደኝ ይኸኛው ነው። ታዲያ ቁረጠው ያልሽው ማንን ነበር? ወንድምሽን? አባትሽን?

ግን ያን ጊዜ እጄን አጥብቀሽ ይዘሽ ነበር። ስለዚህ እኔን ነው እላለሁ። ዛፉ የትኛውም ይሁን፣ ቃልሽን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እንደሰማሁት ይዤው እኖራለሁ።

ያንቺው ግርማ