በእጅ ብልጫ የጸደቀው ታንከር

ሰኞ

ድምፅ ሰጡበት! በፈጣሪ፣ ሒሳብ ላይ ድምፅ ሰጡበት!

ሁልጊዜ እኔ ስለፈልፍ እነሱ ሲገለብጡ መኖሩ ሰልችቶኛል። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍሎችን አምስት አምስት አድርጌ አስቀመጥኩና «የአንድ ኩብ የውሃ ታንከር ጎኖች ሁሉ እጥፍ ቢሆኑ፣ የሚይዘው ውሃ ስንት እጥፍ ይሆናል? ተወያዩና ምክንያቱን ንገሩኝ» አልኳቸው። ለካስ እነሱ ውይይት ሲባል የሚያውቁት የቀበሌውን ነው። ሰብሳቢ መረጡ፣ ጸሐፊ መረጡ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ዕድል ይሰጠኝ» የሚል አለ። በመጨረሻ እጅ ወጣና «ሁለት እጥፍ» በጭብጨባ ጸደቀ። እጇን ያላወጣችው ሩት ብቻ ናት፤ ከኋላ የምትቀመጥ የሲዳማ ልጅ፣ አማርኛ ስትናገር ቃል እየመረጠች የምትዘገይ። «ስምንት ይመስለኛል» አለች። ሳቁባት። ደወሉ ጮኸ።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ማክሰኞ

ሩት ስኳር ድንች በኩብ በኩብ ቆርጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አራት ከታች፣ አራት ከላይ ደረደረች። «ይኸው፣ ጎኑ ሁሉ እጥፍ ሆነ። ቁጠሩት።» ከዚያ የክፍሉ ጫጫታ! አንዷ «እንዴ፣ ትናንት ወስነን የለም እንዴ?» አለች።

ደስታው አፌን አስከፈተኝ። «ሒሳብ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ሁላችሁም ተሳስታችሁ አንዷ ልክ ልትሆን ትችላለች» አልኩ።

ከሥራ ስወጣ እስከ ሐይቁ ዳር፣ እስከ አሞራ ገደል ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አስተማሪ ነኝ ካልኩ ስንት ጊዜዬ!

ረቡዕ

ጓድ ታደለ ጠራኝ። የትምህርት ቤታችን የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ ነው።

«ጓድ መምህር፣ ብዙኃኑ ተሳስቷል ብለሃል አሉ።»

«ስለ ታንከር ነው» አልኩት።

«ዛሬ ታንከር ነው። ነገስ? ደግሞ አምስት አምስት አድርገህ የምታስቀምጣቸው ምን እንዲያንሾካሹኩ ነው?»

በዚህ ከተማ አምስት ሆነው ተቀምጠው ተገኙ ተብለው የተወሰዱ አውቃለሁ። ጎረቤቴ አንዱ ነው፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ ስንቅ ታመላልሳለች። «ልጅቷን ማን አስጠናት?» አለኝ ደግሞ። «ማንም። ድንች ነው» አልኩ። አልሳቀም። ዓርብ ክፍሌ ገብቶ ሊያየኝ ነው።

ባለቤቴ «እባክህ አርፈህ ሰሌዳህን ሙላ። ልጆች አሉህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያናድዳል እንጂ እውነቷን ነው።

ሐሙስ

ወንበሮቹን በረድፍ መለስኳቸው። ማንም ለምን አላለም፤ እሱ ይባስ አስከፋኝ። ሩት ብቻ «ቲቸር፣ ዛሬ አንወያይም?» አለች። «ምዕራፉ ወደ ኋላ ቀርቶብናል» አልኳት። ውሸቴን ነው። ትክ ብላ አየችኝና ተቀመጠች።

ስለ ራሴ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ጓድ ታደለ የልጅቷን ስም ይዞት ይሆን?

ዓርብ

አለፈ።

ጓድ ታደለ ከኋላ፣ ሩት አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ጻፍኩ፣ እነሱ ገለበጡ። ዓይኔን ወደ ሰውዬው እየጣልኩ ቅንፍ ስፈታ አንድ የመቀነስ ምልክት ሳልቀይር አለፍኩ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተበላሸ። አላየሁትም። «ገባችሁ?» ስል ክፍሉ በሙሉ «ገባን!» አለ። ሰውዬው ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለኝ።

ሩት ሁሉም እስኪወጣ ጠበቀች። ወደ ሰሌዳው በአገጯ እያሳየች «ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳስተዋል» አለች።

አየሁት። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ወዲያው አይቼዋለሁ። ግን ሰውዬው ነበረ… በእርስዎ ላይ ነገር እንዳይመጣ ብዬ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር፤ የሚቆጠቁጠኝም እሱ ነው። እንድትናገር ብዬ የጀመርኩት ነገር፣ ልክ የሆነውን ይዛ ዝም ማለት አስተማራት።

ሰኞ ስህተቱን አርማለሁ። ማን እንዳገኘው ግን አልናገርም።